ከመሻገር ወደ መውረድ
የተከዜና የታላላቅ ወንዞቻችን የጀልባ ጉዞ አጭር ታሪክ

በሐምሌ ወር ከሰዓት በኋላ በመቀሌ ከተማ ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ውኃው የት እንደሚደርስ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አይገኝም። ከከተማይቱ ዳገቶች የወረደው ጎርፍ ወደ ኢላላ ይገባል፤ ኢላላ ከግባ ይቀላቀላል፤ ግባም የተምቤንን ተራራ በደቡብ በኩል ዞሮ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ተከዜ ደግሞ ሰቲት ተብሎ ሱዳን ይገባና ከአትባራ ጋር ተገናኝቶ ወደ ናይል ይጓዛል። እንግዲህ በመቀሌ ጣራዎች ላይ የሚንኳኳው ዝናብ መንገዱ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ነው ማለት ነው።

ውኃው ይህን ያህል አገር ሲያቋርጥ ሰው ግን አብሮት አልተጓዘም። በዓባይም፣ በተከዜም፣ በኦሞም ዳር ለኖረው ሕዝባችን ወንዝ የሚሻገሩት ነገር እንጂ የሚወርዱበት መንገድ አልነበረም። በጀልባ ተሳፍሮ ከገደል ወደ ገደል፣ ከአለት ወደ አለት እየተወረወሩ ወንዝን ከላይ እስከ ታች መውረድ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ለምን ሆነ? ወራጆቹ ምን አዩ? እኛስ ከዚያ ምን አተረፍን፣ ምንስ አጣን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ከወዲሁ እናሳስባለን።

ወንዙ እንደ ድንበር

ተከዜ በጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ እጅግ አስቀድመው ስማቸው ከተጠራ ወንዞች አንዱ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በኖባ ሕዝብ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ፣ ተከዜን በስሙ ጠርቶ ከማልኬ በተባለ መሻገሪያ ላይ ጠላቶቹን ድል እንዳደረገና ሃያ ሦስት ቀን እንዳሳደዳቸው ይተርካል። በዚያው ዘመቻ ሸሽተው በጀልባ የተሳፈሩ ሰዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ጀልባቸው ከመጨናነቁ የተነሣ ሰጥመው መሞታቸውን ይኸው ጽሑፍ ያመለክታል። ስለዚህ ተከዜ በተጠራበት በዚህ ጥንታዊ ምስክር ውስጥ የምናገኘው ጀልባ የሰጠመ ጀልባ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ በአዱሊስ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ገልብጦ ያቆየልን ጽሑፍ፣ የሰሜንን ሰዎች «ከናይል ማዶ» በበረዶ ተራሮች ላይ የሚኖሩ አድርጎ ይገልጻቸዋል። ናይል የተባለው ተከዜ መሆኑን ሊቃውንት ይስማሙበታል። በግዕዝ ቋንቋ «ተከዚ» ማለት ወንዝ ማለት እንደሆነም ስናስታውስ፣ ለአክሱም ሰዎች ይህ ወንዝ ከወንዞች አንዱ ሳይሆን ወንዙ ራሱ እንደነበረ እንረዳለን።

ያ ወንዝ ድንበር ሆኖ ኖረ። ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ በኋላም ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ፣ በአንዳንድ ስፍራ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሸለቆ ቆፍሯል። በደጋው አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የማዶውን አገር አሻግሮ ያያል፤ ከዚያ ለመድረስ ግን ቆላ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገት ወጥቶ ቀናት ይፈጅበታል። በዚህ መንገድ ላይ ከተመላለሱት ሁሉ ይበልጥ የወንዙን ጠባይ ማወቅ ግድ የሆነባቸው የጨው ነጋዴዎች ናቸው። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በአህያ ወደ መቀሌ የሚወጣው አሞሌ፣ ከዚህ ወደ ሰቆጣና ከተከዜ ማዶ ወዳሉት ገበያዎች ይጫን ነበር። ጨው ደግሞ የውኃ ባላጋራ ነው፤ አንድ አህያ በመሻገሪያው መካከል ቢወድቅ የነጋዴው ሀብት ዓይኑ እያየ ይሟሟል። ስለዚህ ነጋዴው በክረምት መንገዱን ይተዋል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ወርዶ የውኃውን ቀለም፣ ድምፅና ከዳር የቀረውን የአረፋ ምልክት አይቶ ዛሬ መግባት ወይም ማደር እንዳለበት ይወስናል።

የመሻገሩም ጥበብ በደረጃ የተከፈለ ነበር። ውኃው ከጉልበት በታች ሲሆን በእግር ይገባሉ፤ ከጉልበት ሲያልፍ ዱላ ተመርኩዘውና እጅ ለእጅ ተያይዘው በአግድም ይሻገራሉ፤ ወንዙ ሲሞላ ግን ስልቻ ነፍተው፣ አፉን ጠፍረው፣ በደረታቸው ተኝተውበት በእግራቸው እየቀዘፉ ይዋኛሉ። ዕቃ በበሬ ቆዳ ተጠቅልሎ፣ ዋናተኛ ከፊትና ከኋላ ሆኖ እየጎተተና እየገፋ ያሻግረዋል። ስልቻው የተነፋ ቆዳ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ የምናነሣው የጎማ ጀልባ ከዚህ የተለየ ረቂቅ ነገር አይደለም። አሳቡ አንድ ነው፤ አየርን በማይቀደድ ነገር ውስጥ አስሮ ውኃ ላይ መንሳፈፍ። ልዩነቱ የአባቶቻችን ስልቻ ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር ሲሄድ የእንግዳው ጎማ ደግሞ ከላይ ወደ ታች መሄዱ ነው።

ወደ ታች አለመሄዳቸው ግን ከፍርሃት ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ ምክንያት ነበረው። ገበያው፣ ደብሩና ዘመዱ ያለው በደጋው ላይ ነው። የሸለቆው ወለል ሞቃት፣ ወባ ያለበት፣ አዞና ጉማሬ የሚውልበት ነው። በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሲጓዝ ተከዜን የተሻገረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የወንዙን ዳር ውበት ሲያደንቅ የአዞውን አደጋ ሳይጠቅስ አላለፈም። ወንዙም ራሱ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 የተከዜ ውኃ በሚወርድበት በአትባራ ደረቅ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ በሰኔ ወር በአንድ ሌሊት ከሩቅ ነጐድጓድ የሚመስል ድምፅ ሰማ፤ ሲነጋ ትናንት በእግሩ የሄደበት አሸዋ 450 ሜትር ያህል የሚሰፋና አምስት ወይም ስድስት ሜትር የሚጠልቅ ወንዝ ሆኖ አገኘው። በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው ዝናብ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ደራሽ የሚያውቅ ሕዝብ በገደል መካከል ወደማያውቀው ቦታ ወርዶ አለመግባቱ ማስተዋል እንጂ ስንፍና ሊባል አይገባውም።

ወንዙ በጦርነትም ጊዜ ድንበርነቱን አልተወም። በታኅሣሥ 1935 ከራስ እምሩ ሠራዊት የተላከው የፊታውራሪ ሽፈራው ጦር ተከዜን በማይ ጥምቀት መሻገሪያ ተሻግሮ በደምበጊና የኢጣሊያንን ኃይል ድል አደረገ። በ1936 የሽሬ ውጊያ ሲያበቃ ደግሞ ያው ሠራዊት ወደ ኋላ ሲመለስ በተከዜ መሻገሪያዎች ላይ ከአውሮፕላን በወረደ ቦምብና እሳት ተደበደበ። መሻገሪያ ማለት ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ጠባብ በር ነውና፣ ያንን በር የሚያውቅ ወዳጅ እንዳለ ሁሉ የሚጠብቅ ጠላትም አለ።

ወንዝ መውረድ ምን ዓይነት ሙያ ነው?

በፈጣን ወንዝ ላይ በጀልባ መውረድ ለተመልካች የጀግንነት ጨዋታ ቢመስልም በመሠረቱ የማንበብ ሙያ ነው። በሸለቆ ውስጥ የሚሄድ ወንዝ በየጊዜው ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት አረፋ የሚደፍቅበት ምክንያት አለው። ከጎን የሚገባ ገባር በጎርፍ ጊዜ ድንጋይ እየገፋ አምጥቶ በዋናው ወንዝ አፍ ላይ ይከምራል፤ መተላለፊያው ይጠብባል፤ ከላይ የተገታው ውኃ ይተኛል፤ በጠባቡ በር ሲያልፍ ግን ይፈጥናል። ከጠባቡ በር በታች የተሸፈነ አለት ካለ ውኃው በላዩ ዘሎ ወደ ኋላው ይጠቀለልና አዙሪት ይፈጥራል፤ ይህ አዙሪት ጀልባንም ሰውንም ይዞ ሊያስቀር የሚችል ነው። ስለዚህ ጥሩ ቀዛፊ ድምፁን እንደሰማ ወደ ዳር ይወጣል፤ አለት ላይ ወጥቶ ውኃውን ይመለከታል፤ ለስላሳ ሆኖ ወደ መካከል የሚጠብበውን የውኃ ምላስ ፈልጎ ጀልባውን በዚያ ያስገባል። የማይቻል ሆኖ ካገኘው ጀልባውን ተሸክሞ በገደል ጠርዝ ያልፋል። በዓለም ላይ እነዚህ ስፍራዎች እንደ ክብደታቸው ከአንድ እስከ ስድስት በደረጃ ይመደባሉ፤ ስድስተኛው ለሕይወት እጅግ የሚያሰጋው ነው።

ሙያው በታሪክ ሲነሣ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው በ1869 አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ፓወል የኮሎራዶን ወንዝ በታላቁ ሸለቆ በኩል የወረደበት ጉዞ ነው። አንድ እጁን በጦርነት ያጣው ፓወል ዘጠኝ ባልደረቦችና አራት የእንጨት ጀልባዎች ይዞ ቢነሣም ከሦስት ወር በኋላ መጨረሻ የደረሱት ስድስት ሰዎችና ሁለት ጀልባዎች ናቸው። ፓወል የሄደው ለጨዋታ ሳይሆን ለጥናት ነበር፤ የደረቁን ምድር የውኃ ነገር በሚመለከት በኋላ የጻፈው ሁሉ ከዚያ ጉዞ የተገኘ ዕውቀት አለበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሠራዊት መጋዘን የተረፉ የጎማ ጀልባዎች በርካሽ መሸጥ ሲጀምሩ ሙያው ለብዙ ሰው ተከፈተ። እንጨት ከአለት ጋር ሲጋጭ ይሰበራል፤ ጎማ ግን ይነጥራል።

የዓባይ ወራጆች

በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ታሪክ የሚጀምረው በዓባይ ነው። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ሲሆን ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር ግድም ነው። ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው በአብዛኛው ማንም በማይኖርበት ጥልቅ ገደል ውስጥ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 የጊሽን ምንጭ አይተዋል፤ ከጣና በታች ያለው ገደል ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በካርታ ላይ በነጥብ መስመር ብቻ ሲታይ ኖሯል።

በ1903 ዊልያም ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ ከዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ አግኝቶ ከብረት የተሠሩ ጀልባዎችን ወደ ገደሉ አስወረደ። ባልደረባው ኖርዌያዊው ጄሰን ከሱዳን በኩል ወደ ላይ መጥቶ ሊገናኘው ታቅዶ ነበር። የማክሚላን ጀልባዎች ግን ብዙ ሳይርቁ በአለት ላይ ተሰባበሩ፤ ጉዞውም በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ከ1925 ጀምሮ በቆየባቸው ዓመታት ጀልባ አልሞከረም። በበቅሎና በእግር የገደሉን አፋፍ እየተከተለ፣ በየመሻገሪያው እየወረደ፣ የዓባይን መታጠፊያ በካርታ አሰፈረና በ1936 መጽሐፉን አሳተመ። የቺዝማን ሥራ ለእኛ ልዩ ትምህርት አለው። ዕውቀቱን ያገኘው በየመሻገሪያው ያሉትን ሰዎች ጠይቆ ነው፤ የማክሚላን ብረት ያልቻለውን የአገር ሰው ቃል አስቻለው ማለት ነው።

ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው የዓባይን ተፋሰስ አጠኑ፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ድንበሩ አጠገብ ያለው የግድብ ሥፍራም በዚያ ጥናት ተለዩ። በዚያው ዘመን የጀልባ ሙከራው እንደገና ተነሣ። በ1962 ከስዊስና ከፈረንሳይ የመጡ ስድስት ቀዛፊዎች ወደ ሱዳን ድንበር ሲቃረቡ በሌሊት ሽፍቶች ተኩሰውባቸው ሁለቱ ሞቱ። በ1965 ስዊድናዊው አርነ ሩቢን በትንሽ ጀልባ ብቻውን ከሻፈርታክ ተነሥቶ ካርቱም ገባ። ይህ የወንዙ የታችኛው ክፍል ነው፤ የላይኛው፣ ከጣና እስከ ሻፈርታክ ያለው፣ ገና አልተደፈረም ነበር።

በክረምቱ ወቅት በ1968 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት ፈቃድ ሰባ ያህል ወታደሮችና ሊቃውንት ያሉበት የእንግሊዝ ቡድን በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት መጣ። ቡድኑ ለታችኛው ክፍል የሠራዊት ሞተር ጀልባዎችን፣ ለላይኛው አደገኛ ክፍል ግን በአየር የሚነፉ ትናንሽ የጎማ ጀልባዎችን ተጠቀመ፤ ስንቅ በትንሽ አውሮፕላን ከሰማይ ይጣልለት ነበር። ጀልባዎቹ ተገለበጡ፤ ሽፍቶች ተኮሱባቸው፤ አንድ ወታደር ገባር ወንዝ በገመድ ሲሻገር ውኃ ወሰደው። የሟቹን ነገር ስናስብ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ዋናውን ወንዝ በጀልባ የተቋቋመ ሰው በገባሩ መሻገሪያ ላይ ጠፋ። መሻገር ከመውረድ ያነሰ ሙያ አይደለም።

ይህ ጉዞ በዓለም ላይ የጎማ ጀልባ ለታላላቅ ወንዞች ብቁ መሆኑን ካሳዩት አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በ1972 እንግሊዛውያን ወጣቶች በማይክ ጆንስ መሪነት በአንድ ሰው ጀልባ ዓባይን ቀዘፉ። በመጨረሻም አሜሪካውያኑ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን በታኅሣሥ 2003 ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው ከ114 ቀን በኋላ፣ በሚያዝያ 2004፣ እስክንድርያ ደረሱ። ከኢዛና ዘመን ጀምሮ ውኃው ብቻውን ሲሄድበት የኖረውን መንገድ ሰው ከምንጩ እስከ ባሕሩ ተከትሎ ሲፈጽመው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አዋሽ፣ ኦሞና የተከዜ ተራ

ከወታደራዊ ጉዞ ወደ መንገደኛ ጉዞ የተሸጋገረው በ1973 ነው። በኮሎራዶ ወንዝ በአስጎብኚነት የሠሩት ሪቻርድ ባንግስና ጆን ዮስት የተባሉ ወጣት አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አዋሽንና ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረዱ። ድርጅታቸውን ሶቤክ ብለው ሰየሙት፤ ሶቤክ የጥንት ግብጻውያን የአዞ አምላክ ነው። ኦሞ ከጊቤ ሸለቆ እስከ ቆላው ድረስ ለብዙ ሳምንታት የሚያስጉዝ ሆኖ ስለተገኘ ከዓለም የወንዝ ጉዞዎች ዝነኛ አንዱ ለመሆን በቃ። ድርጅቱም ከዚያ ተነሥቶ በ1981 ከቪክቶሪያ ፏፏቴ በታች ያለውን ዛምቤዚ የመጀመሪያው ወራጅ ሆነ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወጣቶቹ በዓባይና በባሮ ላይ ከጓደኞቻቸው ሁለቱን አጥተዋል።

ተከዜ ግን ቀረ። ከዓባይ በፊት በድንጋይ ላይ ስሙ የተጻፈው ወንዝ፣ ከላይ እስከ ታች ለመውረድ ከታላላቆቻችን የመጨረሻው ሆነ። ለሃያ ዓመታት ያህል ሸለቆው የጦር ቀጣና በመሆኑ እንግዳ ሊደርስበት የማይታሰብ ነበር። ባንግስና ባልደረቦቹ በ1996 ተመልሰው መጡና በጎማ ጀልባ ወረዱት። ጉዞው ሌላም ታሪክ አለው፤ የዕለቱ ወሬና ፎቶግራፍ በሳተላይት እየተላከ፣ ያኔ ገና ጀማሪ በነበረው በኢንተርኔት፣ በዓለም ዙሪያ በየቀኑ ይነበብ ነበር። በተከዜ ገደል ውስጥ ያለ ሰው ያየውን ነገር በማግስቱ አሜሪካ ሲያውቀው፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ገበሬ ግን አላወቀውም። ባንግስ በ1999 ስለዚህ ጉዞ ያሳተመውን መጽሐፍ «የጠፋው ወንዝ» ብሎ ሰየመው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን መጠየቅ ይገባናል። ወንዙ የጠፋው ከማን ነው? ከጨው ነጋዴው አልጠፋም። ከአሻጋሪው ዋናተኛ፣ በዳሩ መስኖ ከሚያለማው ገበሬ፣ ከከማልኬ ጦርነት ጸሐፊ አልጠፋም። እርግጥ ነው፣ ከአንዱ መሻገሪያ እስከ ሌላው መሻገሪያ መካከል ያለውን ገደል፣ በውስጡ ያለውን የውኃ ብርታት፣ የገባሮቹን አፍና የአለቱን አቀማመጥ በተከታታይ ያየ ሰው አልነበረም። ወራጆቹ የወንዙን ርዝመት አወቁ፤ እኛ ስፋቱን እናውቅ ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች ግን በአንድ መጽሐፍ ሳይገናኙ ቀሩ። ከባሕር ማዶ በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ መንገድ መሪው፣ በቅሎ ነጂውና አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ በሥራቸው እንጂ በስማቸው አይጠሩም፤ እኛም በበኩላችን የእነርሱን ቃል ጠይቀን አልመዘገብንም።

ግድቡና የተዘጋው በር

ሁለቱን ዕውቀቶች ለማገናኘት የነበረው ጊዜ አጭር ነበር። የተከዜ ግድብ ሥራ በ2002 ተጀምሮ በኅዳር 2009 ተመረቀ። ከመቀሌ በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ፣ በሁለቱ ገደሎች መካከል እንደ ቅስት ታጥፎ የቆመው ኮንክሪት 188 ሜትር ይነሣል፤ 300 ሜጋዋት ኃይል እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ሲሆን ከኋላው ወደ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ ይይዛል። 105 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ባለከፍተኛ ኃይል መስመር ግድቡን ከመቀሌ ያገናኘዋል። እንግዲህ ከከተማይቱ ጣራ በኢላላና በግባ በኩል የወረደው ዝናብ በዚያ መስመር ብርሃን ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

ይህን ጥቅም የሚያናንቅ ሰው ካለ በኩራዝ ያላጠና ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊ ትርፉን ሲጽፍ ወጪውንም መጻፍ አለበት። ጨው ነጋዴዎች ውኃውን የመዘኑባቸው መሻገሪያዎች አንዳንዶቹ ዛሬ ከሐይቁ በታች ናቸው። ወራጆቹ በ1996 ያለፉበት ገደል ከፊሉ ጸጥ ባለ ውኃ ተሸፍኗል። ከግድቡ በታች ያለው ወንዝም ጠባዩ ተለውጧል፤ የክረምቱ ደራሽ ተገትቷል፤ የበጋው ውኃ ጨምሯል። «የጠፋው ወንዝ» የሚለው ስም ሲሰጥ ትክክል አልነበረም፤ ከ2009 በኋላ ግን በከፊል እውነት ሆነ። ከመጀመሪያው ሙሉ ጉዞ እስከ ግድቡ ምረቃ ድረስ የነበረው ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

የተከዜ ዕጣ የሌሎቹም ነው። ኦሞ ላይ 243 ሜትር የሚነሣው ጊቤ ሦስት በ2016 ተመረቀ፤ የሶቤክ ጀልባዎች የወረዱበት ረጅም ሸለቆ ሐይቅ ሆነ። ዓባይ ላይ በ2011 የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በመስከረም 2025 ተመርቋል፤ ሩቢን ብቻውን የቀዘፈበት፣ እነዚያ ስድስቱ የተተኮሰባቸው የታችኛው ዓባይ ሰፊ ክፍል ዛሬ የግድቡ ሐይቅ ነው። ከአገራችን ውጭም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በኡጋንዳ ጂንጃ አጠገብ ከ1996 ጀምሮ የናይልን ፈጣን ውኃ ሊወርድ የሚመጣ መንገደኛ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኖ ነበር። በ2012 የቡጃጋሊ ግድብ የመጀመሪያዎቹን ስፍራዎች ሸፈነ፤ አስጎብኚዎቹ ወደ ታች ወረዱ፤ በ2019 ደግሞ የኢሲምባ ግድብ ከታች መጣባቸው። ይሁን እንጂ በጂንጃ አንድ ነገር ተርፏል፤ ሙያው በአገሬው ወጣቶች እጅ ገብቷል። ወንዙን የሚያነቡት፣ ጀልባውን የሚመሩት፣ የሰጠመውን የሚያወጡት ኡጋንዳውያን ናቸው። ውኃው በተለወጠ ጊዜ ሙያውን ይዘው ወደተረፈው ውኃ ሄዱ። እኛ ዘንድ ግን ጀልባው ከእንግዳው ጋር መጣ፤ ከእንግዳው ጋርም ተመለሰ።

ማጠቃለያ

ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ተከዜ እንደገና የሞት ድንበር ሆነ። በ2021 ክረምት በወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ፈረሰ፤ የምግብና የመድኃኒት መንገድ ተቋረጠ። በዚያው ክረምት ሱዳን ድንበር ላይ ያሉ ሰዎች ውኃው ያወረደውን አስከሬን ከሰቲት እያወጡ ቀበሩ። ማንም ሊወርደው ያልደፈረውን መንገድ እነዚያ ሳይወዱ ወረዱት። ስለ ወንዝ ጉዞ የሚጻፍ ታሪክ ይህን ዘሎ ቢያልፍ ታሪክ አይሆንም። ወንዙ የጣሉበትን ሁሉ ይሸከማል፤ ፍርዱ የእርሱ ሳይሆን የጣይው ነው።

በኅዳር 2022 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ጥያቄው ስለ ወንዙ ምን ሊደረግ ይገባል የሚለው ነው። የዚህ ማኅበር አባላት በየሙያችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ጊዜ የማይሰጥ ነው። በተከዜ፣ በግባና በወርዒ መሻገሪያዎች በስልቻ የዋኙ፣ የጨው ጭነት ያሻገሩ፣ የደራሽን ድምፅ ከሩቅ ለይተው የሚያውቁ አረጋውያን ዛሬም በየመንደሩ አሉ። የመሻገሪያዎቹን ስም፣ የሰመጡትንም ያልሰመጡትንም፣ የውኃውን ምልክቶችና የተከፈለውን ዋጋ ከእነርሱ አፍ ሰምቶ መመዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ግድብ የሚያጠና መሐንዲስም ሆነ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ይህን መዝገብ ይፈልገዋል፤ ውኃ የት ድረስ እንደሚሞላ ከመለኪያ ጣቢያ በፊት የመዘገበው የዋናተኛው ደረት ነውና።

ሁለተኛው ጊዜ የሚፈልግ ነው። ከሐይቁ በላይ ያለው የተከዜ ክፍል አሁንም እንደ ድሮው ይፈስሳል፤ ገባሮቹም በየክረምቱ ይሞላሉ። ደራሹ ካበቃ በኋላ፣ ውኃው ሳይጎድል ባለው አጭር ወቅት፣ በአገሩ ልጆች የሚመራ ጉዞ ሊታሰብ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የጎማ ጀልባ ከመግዛት ይልቅ ሰው ማሠልጠን ነው፤ ዋና፣ የነፍስ አድን ገመድ አጣጣል፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና ውኃ ማንበብ። እንዲህ ያለ ሥልጠና መንገደኛ ባይመጣም እንኳ ከንቱ አይቀርም፤ በየክረምቱ በጎርፍ የሚወሰዱት የእኛው ሕፃናትና እረኞች ናቸውና።

ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። ዓባይን ከመሻገሪያው ብቻ ያየውስ? ወንዞቻችንን በስፋታቸው እናውቃቸዋለን፤ በርዝመታቸው ያወቋቸው ሌሎች ናቸው። ዛሬ በተከዜ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለ፤ ዓሣ አጥማጆች የሆኑ ወጣቶች ይቀዝፉታል። አባቶቻቸው በስልቻ ይሻገሩት ከነበረው ሸለቆ በላይ፣ በጸጥታው ውኃ ላይ፣ መቅዘፊያ መያዝን ለምደዋል። ከዚያ ጸጥታ ወደ ላይ ጥቂት ቢሄዱ የወንዙን ድምፅ ይሰሙታል። ማንበብ የሚጀመረው ከዚያ ነው።